ጠያቂና መላሽ፦ ቴሴራ፣ ውልና የአማካይ ትከሻ

በዚህ ወር ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ መሐል ሜዳ ተጫዋች፣ ማለትም ስለ አማካይ ናቸው። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ በታዳጊ ፕሮጀክት አማካይ ሆኖ ይጫወታል። አንድ ሰው “ወኪል ነኝ፣ ግብፅ ክለብ አግኝቼለታለሁ” ብሎ ለቪዛና ለምዝገባ 80 ሺህ ብር ጠየቀን። በሬ ልሸጥ አስቤያለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?
አባት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ በሬውን አይሽጡ። 18 ዓመት ያልሞላው ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዘዋወር በፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 የተከለከለ ነው። ጥቂት መውጫ ቀዳዳዎች አሉ፤ ለምሳሌ ወላጆቹ ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት ኑሯቸውን ወደዚያ አገር ካዛወሩ ይፈቀዳል። እርስዎ ኮምቦልቻ ተቀምጠው ልጁ ብቻውን ከሄደ ግን ሙከራውን ቢያልፍም ክለቡ ሊያስመዘግበው አይችልም። ቪዛው ያልቅና ሰው አገር ያለ ቴሴራ (የተጫዋችነት መመዝገቢያ ካርድ) እና ያለ ደመወዝ ይቀራል።

ሰውየው ወኪል መሆኑን ማጣራት ቀላል ነው። ፈቃድ ያላቸው ወኪሎች ስም በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ዕድሜው ያልደረሰ ተጫዋች ለመወከል ደግሞ የወላጅ የጽሑፍ ስምምነት ግዴታ ነው። ወኪል የሚያገኘው ውል ከተፈረመ በኋላ በኮሚሽን ነው፤ ገና በር ላይ ቆሞ “የምዝገባ” የሚል ሰው የሚሸጠው ኳስ አይደለም። የክለብ ግብዣ ካሳየዎት የአውሮፕላን፣ የማደሪያና የሕክምና ወጪውን ማን እንደሚችል መጻፉን ይመልከቱ። ስልክ የሚደውሉትም ደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ክለቡ ራሱ በይፋ ባወጣው ይሁን።

እስከ 18 ባለው ጊዜ የልደት ቀኑን ያስተካክሉ። ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2001 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ኅዳር 14 ቀን 2008 ነው የተወለደው፤ ጥር 5 ቀን 2001 የተወለደው ደግሞ ጥር 13 ቀን 2009። በእኛ አቆጣጠር እኩያ ናቸው፣ በኳሱ ግን የዕድሜ እርከን የሚቆጠረው ከፈረንጆቹ ጥር 1 ጀምሮ ስለሆነ አንድ ዓመት ይለያያሉ። ቀኑን ሳያዩ በደፈናው 7 ወይም 8 የሚደምር ሰው የልደት ሰርተፍኬቱንና ፓስፖርቱን ያጣላቸዋል፤ በኋላ “ዕድሜ ቀነሰ” የሚባለው ልጁ ነው። ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ ደግሞ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ያስነሳል። የአንጓው አጥንት ማደጊያ መስመር ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን አያድንም።

ጥያቄ፦ አንድ አማካይ ከ12 እስከ 17 ዓመቱ አሠለጠንን። አዲስ አበባ ሄደ፣ አሁን ውጭ ሊወጣ ነው። ለቡድናችን የሚደርሰን ነገር አለ?
አሠልጣኝ፣ ከወልድያ

መልስ፦ አለ፤ ቡድናችሁ በፌዴሬሽን የታወቀ ከሆነና ልጁን በየዓመቱ በቴሴራ ካስመዘገባችሁ። ልጁ ውሉ ሳያልቅ በገንዘብ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶ ላሳደጉት ክለቦች ይከፈላል፤ ሶሊዳሪቲ የሚሉት ነው። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። እናንተ ስድስቱን ዓመት ከያዛችሁ 1 በመቶና 1 በመቶ፣ በድምሩ 2 በመቶ ማለት ነው። በ200 ሺህ ዶላር ቢሸጥ 4 ሺህ ዶላር። ውሉን ጨርሶ በነጻ ከሄደ ሶሊዳሪቲ የለም፤ ዕድሜው ከ23 ካላለፈ ግን የሥልጠና ካሳ የሚባለው ሌላ ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ እሱንም ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ ክፍያው በፊፋ ክሊሪንግ ሀውስ (የክፍያ ማጣሪያ ተቋም) በኩል ያልፋል። ሥርዓቱ የሚያነበው የተጫዋቹን የኤሌክትሮኒክ ፓስፖርት፣ ማለትም በየዓመቱ የት ክለብ እንደተመዘገበ የሚያሳየውን መዝገብ ነው። አንድ የውድድር ዓመት ሳይመዘገብ “ዝም ብሎ” ልጅ ከተጫወተ የክለቡ የዚያ ዓመት ድርሻ ጠፋ ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቢመሰክርም አይመለስም። የድሮ ቴሴራዎችን ከመጋዘን ፈልጋችሁ ዛሬውኑ ከፌዴሬሽኑ መዝገብ ጋር አመሳክሩ።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ስምንት ቁጥር አማካይ ነኝ። ደሴ ላይ ማንም አይነጥቀኝም። አዲስ አበባ ለሙከራ ሄጄ ግን በ20 ደቂቃ ሦስት ኳስ ተነጠቅሁ። ምን ጎደለኝ?
ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ደሴ

መልስ፦ ጉልበት አይመስለንም። ሜዳው ነው ያበላሸህ። አባጣ ጎርባጣ አፈር ላይ ያደገ አማካይ ኳሷ መቼ እንደምትነጥር ስለማያውቅ ዓይኑን ከእሷ አይነቅልም፤ ተገቢ ፍርሃት ነው። ፈጣን ጨዋታ ላይ ግን ኳሷ እግርህ ሥር ስትደርስ ነው ከኋላህ ሰው መኖሩን የምታውቀው፤ ያኔ ደግሞ ተነጥቀሃል።

በትከሻህ በኩል ወደ ኋላ ማየት ያለብህ ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ አቀባዩ ኳሷን ሊመታ ሲዘጋጅ፣ ሌላው ኳሷ መንገድ ላይ ሳለች። ሰውነትህ ለአቀባዩ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ ይሁን፤ ኳሷንም ከአቀባዩ ራቅ ባለው እግርህ ተቀበላት። ለአቀባዩ በቀረበው እግርህ ከተቀበልክ ጀርባህን ለጎሉ ሰጥተህ ትቀራለህ፣ ያለህ ምርጫም ወደ ኋላ መመለስ ብቻ ይሆናል።

ልምምዱ ይኸው፦ 10 ሜትር በ10 ሜትር አራት ማዕዘን፣ አንድ አቀባይ፣ አንድ ጓደኛ ከኋላህ። ኳሷ ስትነሳ ጓደኛህ ጣቶቹን ያሳይ፤ ከመንካትህ በፊት ቁጥሩን ጮክ ብለህ ጥራ፣ ጎዶሎ ከሆነ ወደ ግራ ዙር፣ ሙሉ ከሆነ ወደ ቀኝ። 4 ደቂቃ ሠርተህ 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጓደኛህ ሁሌ ሁለት ጣት የሚያሳይ ሰነፍ ከሆነ ቀይረው። ደልዳላ ሲሚንቶ ካገኘህ በጎማ ጫማ እዚያ ጀምር። ከአፈር በቀር አማራጭ ከሌለህ ኳሷን ትንሽ አቅልላት፤ የጨዋታ ሕጉ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቅዳል፣ ወደ 0.6 የተጠጋች ኳስ ብዙ አትነጥርም።

ዕድል ቀንቶህ ከወጣህ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለ ከተማ አንጻር አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው። የብሔራዊ ቡድናችን አማካይ የነበረው ሽመልስ በቀለ ለዓመታት በተጫወተባት ግብፅ፣ ወይም አማካዩ ጋቶች ፓኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ቡና በሄደበት በካስፒያን ባሕር ዳርቻ ባለው የሩሲያ ክለብ አንዚ ማካችካላ፣ አየሩ ወፍራም ነው። ትንፋሽህ ይበረታል፣ የ40 ሜትር ረጅም ኳስህ ግን ቀድማ ትወድቃለች። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከልምምድ በኋላ ረጅም ኳስ ለብቻህ ምታ። ሙቀቱን ሰውነት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፤ ሙከራ ባረፍክ ማግስት አትቀበል።

ጥያቄ፦ ውጭ ልፈርም ነው፤ ውሉ በግብፅ ፓውንድ ነው። ምኑን ልይ?
ተጫዋች፣ ከደሴ

መልስ፦ መጀመሪያ ገንዘቡን። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 አንድ ዶላር ከ8.8 ፓውንድ ወደ 18 ገደማ ዘለለ፤ መጋቢት 2024 ደግሞ ከ31 አካባቢ ወደ 50 ገደማ። በዶላር ይጻፍልኝ በል፤ እምቢ ካሉ “በክፍያው ቀን ምንዛሪ” የሚል ሐረግ ይግባ። ውሉ የሚጸናው የሕክምና ምርመራ ካለፍክ ወይም የሥራ ፈቃድ ከወጣልህ ነው የሚል አንቀጽ በፊፋ ደንብ አይፈቀድም፤ ምርመራው ከፊርማው በፊት ይጠናቀቅ። ክለቡ ሁለት ወር ደመወዝ ካስቀረብህ በጽሑፍ አስጠንቅቀህ 15 ቀን ስጠው፤ ካልከፈለ በበቂ ምክንያት መልቀቅ ትችላለህ። ቃል ብቻ ተናግረህ ሻንጣህን ይዘህ አገርህ ከገባህ ግን ውል አፍራሹ አንተ ትሆናለህ። አቤቱታ ለፊፋ የሚቀርበው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። የውሉን አንድ ቅጂ ደሴ ቤተሰብህ ጋ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ ለአርቴፊሻል ሣር የትኛውን ታኬታ ልግዛ?
ከወልድያ

መልስ፦ አጭርና ብዙ ጥርስ ያለውን። ረጅም የብረት ጥርስ ለረጠበ የተፈጥሮ ሣር ነው፤ በአርቴፊሻሉም ሆነ በበጋ በደረቀ አፈር ላይ እግር ተተክሎ ሲቀር ጉልበት ብቻውን ይዞራል።