የቡና እርጥበት፦ ከጅማ ዞን አምራቾች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ ምላሾች

ከመጠየቃችሁ በፊት ቡናው ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ)፣ የታጠበ (ልጣጩ ተነሥቶ የታጠበ) ወይም ቅሽር (ቅርፊቱ ተፈልፍሎ የወጣለት) መሆኑን፣ ከተሰጣ ስንት ቀን እንደሆነውና በምን ላይ እንደተሰጣ እንድትገልጹ አሳስባለሁ።

ጥያቄ (ከማና)፦ ቡናዬ እርጥበት አለው፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጀንፈል ነው ወይስ የታጠበ? ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ የማድረቂያ አልጋ ላይ ነው ወይስ መጋዘን ገብቷል? ወንድሜ፣ ይህን ሳላውቅ የምሰጠው ምክር ሊጎዳዎት ስለሚችል ዝርዝሩን ይዘው ይመለሱ።

ጥያቄ (ከአጋሮ)፦ ጋሼ፣ ቡና ደረቀ የሚባለው ስንት በመቶ ላይ ሲደርስ ነው? እኛ በጥርስ ነክሰን ነው የምናውቀው።

መልስ፦ ቀይ እሸት ሲለቀም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው። ለማከማቸት ግን የፍሬው እርጥበት ወደ 10–12 በመቶ መውረድ አለበት፤ ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅትም በ420ኛው ውሳኔው እርጥበቱ ከ8 በታች ወይም ከ12.5 በመቶ በላይ የሆነ ቡና ወደ ውጭ እንዳይላክ አባል አገሮችን ጠይቋል። ጥርስ ጥሬውን ከደረቀው ይለያል፤ 12ን ከ14 ግን አይለይም፤ ሻጋታ የሚጀምረውም በዚያች ልዩነት ውስጥ ነው። ስለዚህ በጥርስ ብቻ አትፍረዱ። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ያለው ማኅበር ደግሞ ከፀሐይ የተነሣ ትኩስ ቡና ወዲያው እንዳይለካ፣ ለቅሽር ቡና በተስተካከለ መሣሪያም ጀንፈል እንዳይለካ ይጠንቀቅ፤ ሁለቱም የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣሉ። የመሣሪያው ትክክለኛነት የሚረጋገጠው ናሙናን በቤተ ሙከራ ምድጃ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ16 ሰዓት አድርቆ የቀነሰውን ክብደት በማስላት ነው።

ጥያቄ (ከጎማ)፦ ዘንድሮ የቡና ዋጋ ይጨምራል?

መልስ፦ ይህ የነጋዴ ጥያቄ ነው፤ ወደ እርጥበቱ እንመለስ።

ጥያቄ (ከጌራ)፦ ጀንፈላችን በሚገባ ደርቆ ነበር፤ ማታ ሳንሸፍነው ጤዛ ነካው። በማግሥቱ ፀሐይ ካገኘ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ቀስ ብሎ ከደረቀ ቡና ይልቅ ደርቆ እንደገና የረጠበ ቡና ይበልጥ ይበላሻል፤ ፍሬው ውሃ እየሳበ ያብጣል፣ ቀለሙ እየነጣ ይሄዳል፣ በላዩ የተኛው የሻጋታ ዘርም ይነቃል። ከእነዚህ ሻጋታዎች አንዳንዶቹ ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫሉ፤ መቁላትም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ የሚፈቅደውን መጠን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኪሎ ከ5 ወደ 3 ማይክሮግራም ዝቅ ያደረገው ለሸማቹ ጤና ሲል ነው። በእኛ አካባቢ ዝናቡ እስከ ለቀማው ወቅት ስለሚዘልቅ ምሽት ሳይገባ መሸፈን፣ ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ መግለጥና በየጊዜው ማገላበጥ ግዴታ ነው።

አስተያየት (ከሊሙ)፦ አባቶቻችን ግን መሬት ላይ አስጥተው ኖረዋል፤ አልጋ ለድሃ ገበሬ ወጪ ነው።

አስተያየት (ከአጋሮ)፦ ወንድሜ፣ የጅማ ቡና አፈር አፈር ይላል እየተባለ በዝቅተኛ ደረጃ ሲሸጥ የኖረው በዚያው ምክንያት አይደለምን? አልጋውን ከቀርከሃ መሥራት ይቻላል።

አስተያየት (ከሊሙ)፦ እርጥብ ቡናም ቢሆን ሚዛን ላይ ይከብዳል፤ ገበሬው ምን ያጣል?

መልስ፦ ክርክሩን እዚህ ላይ እንግታው። የ20 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ ቡና ወደ 11.5 በመቶ ሲወርድ 90 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ይህን ስሌት ገዢውም ስለሚያውቀው ከዋጋው ላይ ይቀንሰዋል፣ ሻጋታ ካገኘበትም ጭራሽ አይቀበለውም። መሬትን በተመለከተ፣ አፈር ከሥር እርጥበት ይመልሳል፤ አልጋ ላይ ግን አየር ከላይም ከታችም ያልፋል።

ጥያቄ (ከሊሙ ኮሳ)፦ በጥርስ ነክሶ ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ በዝርዝር ተመልሷል፤ እባክዎ ያንብቡት። በጥርስ ብቻ አትፍረዱ።

ጥያቄ (ከጎማ)፦ የታጠበ ቡና ስንት ሰዓት ይብላላ?

መልስ፦ በመልኮ የሚገኘውን የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከማና)፦ ቅድም የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ጀንፈል ነው፤ አልጋ ላይ ሁለት ሳምንት ቆይቶ በላስቲክ ማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ሲሚንቶ ወለል ላይ ደርድረነዋል፤ ሲነካ ይሞቃል።

መልስ፦ አሁን ጥያቄው ተሟላ። ሙቀቱ ቡናው ሳይደርቅ እንደገባ ያመለክታል፤ ላስቲኩም እርጥበቱን አፍኖ ይዞታል። ዛሬውኑ አውጥተው አልጋ ላይ በስሱ ያስጡት፣ የሻገተውን ለይተው ያስወግዱ። ከ12 በመቶ በታች መሆኑ በመሣሪያ ሲረጋገጥ በንጹሕ የቃጫ ጆንያ ሞልተው፣ ከግድግዳው አርቀው በእንጨት ርብራብ ላይ ይደርድሩት፤ እስኪሸጥም ድረስ ሳይቀሸር በጀንፈልነቱ ያቆዩት።