ባህር ያላየ ሰው ባህር መሳል ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ ሰዓሊ ነኝ። ብዙ ጊዜ የምሸጠው ለቱሪስት ታንኳና የጀምበር መጥለቂያ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። አሁን በባህር ላይ ተከታታይ ስራ ልጀምር ብዬ ለጓደኞቼ ስነግራቸው "ባህር አይተሽ ታውቂያለሽ እንዴ፣ ጣና እኮ ሀይቅ ነው" አሉኝ። አላየሁም። ልተወው ወይስ መጀመሪያ ጅቡቲ ሄጄ ልየው? (ለ.፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦ ሰላም እህቴ። እንዳትተዪው! ጅቡቲም ብትሄጂ ደስ ይለኛል ግን ለዚ ብለሽ ብር አታውጪ። የከተማሽ ስም ራሱ ባህር ዳር ነው እኮ፣ በኛ አፍ ሰፊ ውሃ ሁሉ ባህር ነው። የቤተክርስቲያን ሰዓሊዎቻችን ፈርዖን ከነሰራዊቱ ሲሰጥም በየግድግዳው ስለዋል፣ ውሃው መስመር በመስመር ተደርድሮ ጭንቅላት ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ፣ እና አብዛኞቹ ቀይ ባህርን በአይናቸው ያዩት አይመስለኝም፣ ግን ያንን ያየ ሰው ባህር አይደለም አይልም።

የዘመኑን ሰዎች ደግሞ እዪ። ቪያ ሰልሚንስ የምትባል በላትቪያ ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ሰዓሊ አለች፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ) ሎስ አንጀለስ ዳርቻ ላይ ውቅያኖሱን ፎቶ አንስታ ቤቷ ገብታ ከፎቶው በእርሳስ ሳለችው። አድማስ የለው፣ ጀልባ የለው፣ የውሃው ቆዳ ብቻ። ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ሂሮሺ ሱጊሞቶ በፈረንጆቹ ከ1980 ጀምሮ በየአገሩ እየዞረ በጥቁርና ነጭ ያነሳው ባህር ደግሞ ግማሹ ውሃ ግማሹ ሰማይ ነው፣ ሌላ ምንም።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚይዘኝ የኛዋ አይዳ ሙሉነህ በፈረንጆቹ 2018 ዳሎል ላይ የሰራችው ፎቶ ነው። ስለ ውሃ እጦትና ስለ ሴቶች ሸክም ነው፣ ቦታው ግን ጨው ነው፣ ያ ጨው ደግሞ ድሮ ቀይ ባህር እየገባ እየደረቀ የተወው ነው። ባህሩ ሄዶ ጨዉ ቀርቷል። ይቺን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት ምን ልልሽ።

እና አንቺ ምን ታደርጊያለሽ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ንፋሱ ሳይነሳ ወደ ሀይቁ ውረጂ፣ ከሰዓት በኋላ ሲናወጥ ደግሞ ተመልሰሽ ሂጂ። ሰማያዊ ቀለምሽን ቤት ተዪው። በክረምት ጎርፉ አፈሩን ይዞ ሲገባ ጣና ሻይ በወተት ነው የሚመስለው፣ እሱን ቀለም ማግኘት ራሱ ስንት ቀን ይፈጅብሻል። ከቆመ ታንኳ አጠገብ ተቀመጪና መዳፍሽን የሚያህል ውሃ ብቻ ምረጪ፣ ታንኳው የተሰራበት ደንገል ውሃ የጠጣበት ጠቁሮ ከላይ ያለው እንደ ገለባ ነጣ ብሎ፣ መሃል ላይ ያለችው መስመር አንድ ጊዜ እንኳ አትረጋም፣ እሷን ለአንድ ሰዓት ተከተያት።

ጣናን የወረረውን አረም፣ እንቦጩንም አትዝለዪው። በፈረንጆቹ 2011 አካባቢ ከታየ ወዲህ ውሃውን የሸፈነበት ቦታ ሜዳ ነው የሚመስለው፣ አሳ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት ያጣል። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል፣ እዛ ላይ ተጠንቀቂ ምክንያቱም ስዕሉ በቀላሉ ፖስትካርድ ይሆንብሻል፣ ያመለጥሽው የቱሪስት ስዕል ውስጥ ደግሞ መልሶ ይጥልሻል።

የምትስይበት ደብተር ሲሞላ ሶስት ገፅ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አድማስ የሌለበትን።