«ውጭ ስወጣ ደም አያለሁ»

ለታናናሾቼ፣

ሕክምና የምትማሩ፣ ነርስ የሆናችሁ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ ወይም አባታችሁን ይዛችሁ ሆስፒታል የምትመላለሱ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። ወሬዬ ስለ ትልቁ አንጀትና ስለ ፊንጢጣ ካንሰር ነው። ምሳ ላይ ከሆናችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ።

1985 ዓ.ም. ነው። ጎጃም ውስጥ አንድ ሆስፒታል በጠቅላላ ሐኪምነት ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም። ወረፋው ከበሩ አልፎ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ደርሷል። አንድ ገበሬ ገቡ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቁምጣ ለብሰዋል፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ዱላቸውን በሩ ጥግ አስደግፈው ቆመው ቀሩ።

«ይቀመጡ እንጂ አያ» አልኳቸው።

«ተወኝ ልጄ፣ ስቀመጥ ያመኛል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ውጭ ስወጣ ደም አያለሁ። ያስምጠኛል፤ ስሄድ ግን ምንም የለም» አሉኝ።

ዛሬ ይህን ብሰማ ቀሪውን ሳልጠይቅ፣ ፊንጢጣቸውን በጣቴ ልመረምር ጓንት አነሳለሁ። ያን ቀን ግን የሰገራ ምርመራ አዘዝኩ። ላቦራቶሪው ምንም አላየም። እኔ ካርዱ ላይ «አሜባ» ብዬ ጻፍኩና ፍላጂል ሰጠኋቸው። «ኪንታሮትም ሊሆን ይችላል» አልኩ፣ ለማሳረፊያ ያህል። ጓንት አልጠፋም ነበር። አልጋውም እዚያው ነው። ሰውየው እንዳያፍሩ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ።

በጥር ተመለሱ። ቁምጣቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ብሎ በገመድ አስረውታል። ጣቴ ገና ብዙ ሳይገባ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ነካሁ። ጓንቱ ጥቁር ቀይ ደም ይዞ ወጣ። ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፍኩላቸው። እስቲ አስቡት፤ መቀመጥ የማይችል ሰው፣ ደጀን ላይ ዓባይ በረሃን ወርዶ በሚወጣ አውቶብስ። እዚያ ሲደርሱ ዕጢውን ማውጣት አልተቻለም። ሰገራው በሆድ በኩል እንዲወጣ እናድርግ ተባሉ። «ይህን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እገባለሁ?» ብለው ተመለሱ። ቀጣዩን መስቀል አላዩም። መርዶውን ያመጣልኝ ትልቁ ልጃቸው ነው።

ከዓመታት በኋላ ስፔሻላይዝ ሳደርግ አንድ ጥናት እጄ ገባ። የታተመው በዚያው በ1985 ግንቦት ነው፣ በፈረንጆቹ 1993። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ 46,551 ሰዎች ተመዘገቡ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ነው። ሕመምተኞች አይደሉም። በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በየዓመቱ፣ ሌላው በየሁለት ዓመቱ ሰገራው ውስጥ በዓይን የማይታይ ደም እንዳለ ይመረመራል። ሦስተኛው እንደ ወትሮው ይኖራል። ዘዴው ሲያዩት ያስቃል። ሰውየው ቤቱ ሆኖ ሦስት ጊዜ ከወጣው ሰገራ በትንሽ እንጨት እየነካ ካርድ ላይ ይቀባና በፖስታ ይልካል። ደም የተገኘበት ኮሎኖስኮፒ ይደረግለታል፤ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁ አንጀቱ ከውስጥ ይታያል ማለት ነው። ከ13 ዓመት በኋላ ሲቆጠር፣ በየዓመቱ ከተመረመሩት ከ1,000 ሰዎች 5.88፣ ካልተመረመሩት ደግሞ 8.83 በዚህ ካንሰር ሞተዋል። በሲሶ ቀነሰ ማለት ነው።

ከሺህ ሰው ሦስት ነው ልዩነቱ። ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን ሳነበው ሌላ ነገር ነው የመጣብኝ። እነሱ የማይታይ ደም ሲፈልጉ ዓመታት ለፍተዋል። እኔ ሰውየው አይተው የነገሩኝን ደም በአምስት ደቂቃ አሜባ ብዬ ሸኘሁት።

ደሙን ቀድሞ ማግኘት ለምን ይጠቅማል? ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕ ከምትባል ትንሽ እብጠት ይነሳል። እሷ ወደ ካንሰር እስክትዞር አሥር ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መሀል ከተገኘች በኮሎኖስኮፒው ተቆርጣ ትወጣለች፣ ሆድ ሳይከፈት።

ዕጣውስ ለምን? ተማሪዎቼ ሁሌ ይጠይቁኛል። እቁብ የጣለ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ዳኛው ደስ ላለው ሰው ቢሰጥ እቁቡ ይፈርሳል። እዚህም ሰው በፈቃዱ ቢመርጥ፣ ለመመረመር የሚመጣው ለጤናው የሚጠነቀቀውና ኪሱ የሚችለው ነው። ኋላ ዕድሜ ቢረዝምለት ምርመራው ያመጣው ይሁን ኑሮው ማን ያውቃል?

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። ያ የድሮ ምርመራ የሰውን ደም ከከብት ደም አይለይም። ጥሬ ሥጋ የበላ ጤነኛ ሰው ደም አለብህ ሊባል ይችላል። እኛ አገር የፋሲካ ሰሞን ቢሠራ ላቦራቶሪው ያብዳል። አሁን ኤፍ.አይ.ቲ. የሚባለው የሰገራ ምርመራ መጥቷል፤ እሱ የሚለየው የሰውን ሄሞግሎቢን፣ ደምን ቀይ የሚያደርገውን ነገር፣ ነው። ግን አደራ፣ ይህ ሁሉ ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ደም በዓይኑ ያየ ሰው በዚህ ምርመራ ውጤት ብቻ አይሸኝም። መጀመሪያ ጣት፣ ቀጥሎ ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገዋል። ሽማግሌ ሰው ደም ማነስ ሲገኝባቸው የብረት ኪኒን ሰጥቶ መሸኘትም ያው የእኔ ዓይነት ጥፋት ነው። በቀኝ በኩል ያለ የአንጀት ካንሰር ቀስ እያለ ያደማል፤ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ ጤፍ በላተኞች ነን» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔም ብዬዋለሁ። ነገሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ዴኒስ በርኪት የሚባል አየርላንዳዊ የቀዶ ሐኪም ብዙ ዓመት ዩጋንዳ ሠርቷል። በአፍሪካ ገጠር ይህ ካንሰር ብርቅ መሆኑን አይቶ፣ አሰር (ፋይበር) የበዛበት ምግብ ነው የሚከላከልላቸው ሲል እ.ኤ.አ. በ1971 ጻፈ። ሐሳቡ ያምራል። ሰዎች ግን ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ፖሊፕ የተቆረጠላቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ወገን አሰሩን አበዙለት። ፖሊፑ በሁለቱም ወገን ያው ሆኖ ተመልሶ መጣ። አሰር አይረባም ማለት አይደለም። የተከታተሉት ጥቂት ዓመት ብቻ ነው፤ ሌሎች ጥናቶችም አሰር የሚበሉ ሰዎች ላይ በሽታው ቀነስ ብሎ አይተዋል። እንጀራችሁን ብሉ። ብቻ ጤፍ ስለሚበላ ብላችሁ ደም ያየን ሰው እንዳትመልሱት። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ልጅም በዚህ በሽታ አክሜያለሁ።

ስለ ሙያዬም ትንሽ ልኩራባችሁ። ድሮ የፊንጢጣ ካንሰር ተቆርጦ ወጥቶ እዚያው ቦታ ተመልሶ ይበቅል ነበር። ቢል ሂልድ የሚባል እንግሊዛዊ የቀዶ ሐኪም፣ ባሲንግስቶክ በምትባል ከተማ የሚሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ ነገር ጻፈ። ፊንጢጣውን የሚከብበው ስብ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ነው። ካንሰሩ መጀመሪያ የሚዘራው እዚያ ስብ ውስጥ ነው። ስለዚህ በእጅ ቦጭቆ ማውጣት ይቅር፤ ሽፋኑ ሳይቀደድ፣ እያዩ፣ በስለት ዙሪያውን ለይቶ ከነስቡ ማውጣት ነው። በግ ሲገፈፍ አይታችኋል አይደል? ጀማሪ ቆዳውን ይበሳዋል፣ ነጋዴው ዋጋ ይቆርጥበታል። አባቴ ለፋሲካ ሲገፍፍ ቢላዋው ቆዳና ሥጋ በተያያዙባት ነጭ ሽፋን ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው። ደም ጠብ አይልም። ቀዶውን ስማር የመጣልኝ የአባቴ እጅ ነው። አዲስ መድኃኒት የለው፣ አዲስ ማሽን የለው፣ ካንሰሩ እዚያው ተመልሶ መብቀሉ ግን በእጅጉ ቀነሰ።

መድኃኒቱም እየሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዶስታርሊማብ የሚባል መድኃኒት የወሰዱ 12 የፊንጢጣ ካንሰር ታማሚዎች፣ የሁሉም ዕጢ ያለ ቀዶና ያለ ጨረር ጠፋ። ዜናው የወጣ ሰሞን ስልኬ አላረፈም። ዕጢያቸው የዲኤንኤ ስህተትን ማረም ያቃተው ዓይነት ነው፤ ከፊንጢጣ ካንሰር እንዲያ ያለው ጥቂቱ ነው። ይህን ሳትነግሩ ቤተሰብ ላም በሬ እንዳታሸጡ። እኔን የበለጠ ደስ ያሰኘኝ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ነው። 889 የትልቁ አንጀት ካንሰር ታማሚዎች ኬሞ ከጨረሱ በኋላ በዕጣ ተከፈሉ። ግማሾቹ ክትትል እየተደረገላቸው እንቅስቃሴ ሠሩ። በአምስት ዓመት ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት ከመቶው 80 ያህል ናቸው፤ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 74። እኛ ታማሚን «ተኛ፣ ዕረፍ» እንላለን። አቅሙ ካለው ገበያ ድረስ በእግሩ ይሂድ።

ምርምር ሲባል ማሽን አይታያችሁ። ደብረ ማርቆስም ሁኑ ባሕር ዳር፣ ቡሬም ሁኑ ሞጣ፣ የተመላላሽ ክፍሉ መዝገብ አለ። ፈቃድ አውጡና የአንድ ዓመቱን ገልጣችሁ «ደም ይወጣኛል» ብሎ የመጣውን ሰው ቁጠሩ። ስንቱ በጣት ታየ? ስንቱ አሜባ ተባለ? ስንቱ ተመልሶ መጣ? እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ሞክሬዋለሁ። ብዙ ካርድ ላይ የጣት ምርመራው መስመር ባዶ ነው። አንዱን ባዶ ካርድ ተማሪዬ አንስታ «የማን ጽሑፍ ነው ይሄ?» አለች። የእኔ ነበር።

ሰው ጥናት ውስጥ ስታስገቡ ደግሞ ጊዜ ስጡት። የስምምነት ወረቀቱ ላይ አሻራ ያደረጉ እናት፣ ጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ምንድን ነው ያሉኝ?» ብለው ኮሪደር ላይ ይዘውኛል።

የጣት ምርመራውን አትፍሩት። ምን እንደምትሠሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። መጋረጃው ይዘጋ። በግራ ጎናቸው ይተኙ፣ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው ይሳቡ፣ ነጠላ ይልበሱ። ሴት ከሆኑ ሴት ነርስ አጠገባቸው ትቁም። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በዚህ ሁሉ ዓመት አፍሮ እምቢ ያለኝ ሰው፣ በጣት የሚቆጠር ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባት ወይም እናት በዚህ ካንሰር ከታመሙ ልጆቹ ከሌላው ሰው የበለጠ ያሰጋቸዋል። ከ40 ዓመታቸው ጀምሮ፣ ወይም ወላጃቸው ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድመው ኮሎኖስኮፒ ቢታዩ ይመከራል፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚመጣውን ይዘው። እኚያ ገበሬ አራት ልጆች ነበሯቸው። መርዶ ሊነግረኝ የመጣው ልጅ ዛሬ የአባቱን ዕድሜ ደርሷል። ያን ቀን እጁን ጨብጬ «እግዜር ያጽናህ» አልኩት እንጂ ስለ ራሱ ምንም አልነገርኩትም። ስሙንም የትም አልጻፍኩም። እናንተ ካርዱ ጠርዝ ላይ የልጆቹን ስልክ ጻፉ።