በረንዳ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው? ስለ መዝናኛ መርከብ ክፍሎች የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ባለፈው እትም ስለ መዝናኛ መርከብ ጥቂት ብዬ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። አንዱማ «ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጠህ ስለ ባሕር ትጽፋለህ?» ብሎ ቀልዶብኛል። ምን ላድርግ፣ የደሴ ሰው ልጁ ያልሄደበት አገር የለም፣ ልጅ ደግሞ ሲያልፍለት ወላጁን ይጋብዛል፣ ግብዣው ሲመጣ ጥያቄው እኔ ጋ ይመጣል። ለማታውቁኝ፦ ወደ ደሴ ከመመለሴ በፊት እንዲህ ባሉ መርከቦች ላይ ክፍል አጽጂ ነበርኩ። አልጋውንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ የተሳፋሪውን ስሞታም ከቅርብ አውቀዋለሁ።

ጥያቄ፦ «ልጃችን የምትኖረው አሜሪካ ነው። እኔንና አባቷን ከማያሚ ተነስቶ ካሪቢያንን ለሰባት ሌሊት በሚዞር መርከብ ልትወስደን ነው። እሷ በረንዳ ያለው ክፍል ካልሆነ አይሆንም ትላለች። ወንድሟ ደግሞ መስኮት የሌለው ይበቃል፣ ገንዘብ አታቃጥሉ ይላል። አባቷ ጉልበቱን ያመዋል። እኔን መኪና ያጥወለውለኛል፤ የሀረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እንኳ ሎሚ ይዤ ነው የምወርደው። የቱን እንያዝ?» (እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጆችዎ የሚከራከሩት ስለ ክፍሉ ዓይነት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ክፍሉ መርከቡ ላይ የት ጋ ነው ብዬ ነው።

ዓይነቱን ቶሎ ልንገርዎት። ውስጠኛ የሚባለው ክፍል መስኮት የለውም፤ ርካሹ እሱ ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 17 ካሬ ሜትር ነው። ቀጥሎ መስኮት ያለው አለ፤ ባሕሩ ይታያል፣ መስኮቱ ግን አይከፈትም። ከዚያ በረንዳ ያለው ይመጣል፤ የመስታወት በር ከፍተው ይወጣሉ፣ ሁለት ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ይጠብቅዎታል። ከላይ ስዊት አለ፤ ሰፊ ነው፣ ሳሎን አለው፣ አንዳንዱ ጋ ለስዊት እንግዶች ብቻ የተለየ ምግብ ቤት ሁሉ አለ፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። አልጋው፣ ሻወሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ካዝናው ግን ከውስጠኛው ጀምሮ ሁሉም ጋ አለ። ውስጠኛ ክፍል ያደረውም በረንዳ ያለው ክፍል ያደረውም ጠዋት የሚሰለፈው አንድ ቡፌ ላይ ነው።

አሁን ወደ ማጥወልወሉ። መርከብ ማዕበል ሲመታው ይበልጥ ከፍ ዝቅ የሚለው ጫፍና ጫፉ ነው። ወደ ጎን ማዘንበሉ ደግሞ ከላይ ፎቆች ላይ ይብሳል። መሐሉና ዝቅ ያለው ፎቅ ይረጋል። አውቶቡስ ላይ ኋላ ወንበር የተቀመጠና መሐል የተቀመጠ ሰው እኩል አይንገላታም አይደል፤ እንደዚያ ነው። መርከቦቹ ከጎናቸው ውሃ ውስጥ የሚዘረጋ እንደ ክንፍ ያለ ማረጋጊያ አላቸው፤ ወደ ጎን መወዛወዙን ይቀንሰዋል፣ አፍንጫው ከፍ ዝቅ ሲል ግን ብዙም አያግዝም። ስለዚህ ከፊት ጫፍ ያለ ክፍል በረንዳም ቢኖረው፣ በቅናሽም ቢሰጧችሁ ይለፋችሁ። ደግሞ ሰው ሲያጥወለውለው አድማሱን ማየት ይረዳዋል፤ አራት ግድግዳ ውስጥ ተዘግቶ መቀመጥ ለእርስዎ አይሆንም። እዚህ ላይ ልጅቷ ትንሽ እውነት አላት።

የባለቤትዎ ጉልበት ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ከማያሚ ከሚነሱት ትልልቆች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ»፣ ርዝመቱ 365 ሜትር ነው፤ 20 ፎቅ አለው። ክፍላችሁ ከኋላ ጫፍ ሆኖ ትርኢቱ ከፊት ከሆነ ኮሪደሩ አያልቅም፤ ሽማግሌ ሰው መሐል ላይ ቆሞ ግድግዳ ይዞ ሲያርፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መሐል ላይ፣ ከሊፍቱ ጥቂት በሮች አለፍ ብሎ ያለ ክፍል ያስይዙ። ከሊፍቱ ፊት ለፊት ግን አይሁን፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳቅና ጫጫታ ነው። ሌላው ማንም የማይነግርዎት ነገር፣ የብዙዎቹ ክፍሎች ሽንት ቤት በር ላይ ከፍ ያለ ደፍ አለ። በሌሊት እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው ይደናቀፍበታል። ጉልበቱ በጣም የከፋ ከሆነ ደፍ የሌለው፣ በሩ ሰፋ ያለ፣ ሻወሩ መቀመጫና መያዣ ያለው ክፍል አለ፤ ጥቂት ስለሆነ ልጅዎ ቀደም ብላ በግልጽ ትጠይቅ።

በረንዳውስ? ካሪቢያን ላይ አብዛኛውን ቀን መርከቡ ደሴት ላይ ይቆማል፣ ሰውም ወርዶ ባሕር ዳር ይውላል፣ ማታ ደክሞት ይመጣል። ካጸዳኋቸው በረንዳዎች ስንቶቹ ወንበራቸው ካስቀመጥኩበት ሳይነቃነቅ ያገኘኋቸው! መርከቡ በኖርዌይ ፊዮርዶች (በገደል መሐል በሚገቡ ጠባብ የባሕር ሰርጦች) ወይም በአላስካ የበረዶ ግግሮች መሐል ቀስ እያለ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ እኔው ራሴ በረንዳ ያዙ እላችሁ ነበር፤ እዚያ ዋናው ነገር ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ለእናንተ ግን መስኮት ያለው፣ መሐል ላይ፣ ዝቅ ካለው ፎቅ። የተረፈውን ብር ለጉዞ ኢንሹራንስ አውሉት፤ መርከብ ላይ ሐኪም አለ፣ ሒሳቡ ግን ያስደነግጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቪዛ። መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ሌሎች አገሮች ደርሶ ነው የሚመለሰው። ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ልጅዎ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት የመርከብ ድርጅቱን ትጠይቅ።

ጥያቄ፦ «ጥር ላይ ሰርጋችን ነው፤ ለጫጉላ ከባርሴሎና በሚነሳ መርከብ ሜዲትራኒያንን ልንዞር አስበናል። ኢንተርኔት ላይ በረንዳ ያለው ክፍል በሁለት ዓይነት ርካሽ ዋጋ አገኘን። አንዱ ‹ጋራንቲ› ይላል፣ ሌላው ‹እይታው በከፊል የተከለለ› ይላል። ተንኮል አለበት እንዴ?» (እጮኛሞች፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ተንኮል የለበትም፣ ግን ሁለቱም የሚያስከፍሉት ነገር አለ።

ጋራንቲ ማለት ዓይነቱን ትገዛላችሁ፣ ቁጥሩን ግን ድርጅቱ ነው የሚመርጥላችሁ፤ ጉዞው ሲቃረብ ከተረፈው ይሰጣችኋል። ከከፈላችሁበት ዓይነት ዝቅ አያደርጉም፣ አንዳንዴ ከፍ ያደርጋሉ። ሰው የሚጓጓው ለዚህች ለሁለተኛዋ ነው። ግን የሚተርፈው ክፍል ለምን እንደተረፈ አስቡት። ከመዋኛው ፎቅ ሥር ያለ ክፍል ይሆናል፤ ገና ሳይነጋ ሠራተኛው ወንበር ሲደረድር ጣሪያችሁ ላይ ይጎተታል። ከዳንስ ቤቱ በላይ ያለ ይሆናል፤ የሙዚቃው ባስ እስከ እኩለ ሌሊት አልጋችሁን ይነቀንቀዋል። ወይ ከፊት ጫፍ ይሆናል፤ መርከቡ ወደብ ሳይደርስ መልህቅ ሲጥል የሰንሰለቱን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው ድጋሚ አይተኛም። እኔ በር ሳንኳኳ አይኑ ቀልቶ የሚከፍትልኝ እንግዳ አብዛኛው ከእነዚህ ከሦስቱ ነበር። ጸጥ ያለው ክፍል ከላዩም ከሥሩም የመኝታ ክፍል ያለው ነው። የመርከቡ የፎቆች ፕላን ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ቁጥር የምትመርጡ ከሆነ ከላይና ከታች ያለውን ፎቅ ደርባችሁ እዩ። ከጎረቤት ክፍል ጋር የሚያገናኝ በር ያለውንም ተዉት፣ የጎረቤት ጭቅጭቅ ጫጉላችሁ ውስጥ ይገባል።

እይታው የተከለለ ሲሉ ብዙ ጊዜ የሕይወት አድን ጀልባ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነው። ይሄ እንደ ክፍሉ ይለያያል። አንዳንዱ ጋ ጀልባው ከበረንዳው በታች ስለሚንጠለጠል ባሕሩ ሙሉ ይታያል፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ መጋረጃ ስትገልጡ ብርቱካናማ ጣሪያ ብቻ ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ ፎቶውን ፈልጉ፤ ሰው አንስቶ የለጠፈው አይጠፋም። ጥሩ ሆኖ ከተገኘ ከጋራንቲው እሱን እመርጣለሁ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ጥር ላይ ሜዲትራኒያን ቀዝቃዛና ነፋሻ ነው፣ ባሕሩም ይረበሻል። በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሳችሁ ካልተቀመጣችሁ በቀር ብዙም አትወጡበትም። ወይ ጉዞውን ወደ ግንቦት ግፉት፣ ወይ መስኮት ያለው ክፍል ያዙና ልዩነቱን ሮምና ናፖሊ ላይ ብሉበት። ክፍሉን ስታስይዙ ደግሞ አልጋው እንዲገጠም ንገሩ፤ አብዛኛው አልጋ ሁለት ነጠላ ነው፣ ካልነገራችሁ ተለያይታችሁ ልታድሩ ትችላላችሁ። መርከቡ ቱኒዝያ ወይም ቱርክ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ የሸንገን ቪዛችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ «እኔ ቡና ሳላፈላ መዋል አልችልም። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ጀበናና እጣን ይዤ መርከቡ ክፍል ውስጥ ባፈላ ምን ይላሉ? ደግሞስ ሶላትና የሐላል ምግብ ነገር እንዴት ይሆናል?» (ከደሴ አራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ፣ የሚያሳዝነውን አስቀድሜ ልበልሽ። ምድጃው አይገባም። እጣኑም አይጨስም፣ ሻማም አይበራም፣ ካውያ እንኳ አይፈቀድም። መርከብ ከምንም በላይ የሚፈራው እሳት ነው፤ መሐል ባሕር ላይ የሚሸሽበት የለም። ሻንጣሽ በማሽን ሲያልፍ ምድጃውን ያዩታል፣ ያስቀሩታል፣ ስትወርጂ ይመልሱልሻል። ጣሪያው ላይ ጭስ የሚያሸት መሣሪያ አለ፤ አቦል ሳይቀዳ ጥበቃው በርሽ ላይ ነው። ጀበናዋን ለናፍቆት ብትይዣት ማንም አይከለክልሽም። ቡፌው ላይ ቡናና ሻይ በነፃ አለ፤ ቡናው ግን ቀጭን ነው፣ በረካ እንኳ ይሻለዋል። ጠንካራውን ኤስፕሬሶ ካፌው ላይ በገንዘብ ታገኚያለሽ። በእንግሊዝ ድርጅቶች መርከቦች ላይ ክፍል ውስጥ የውሃ ማፍያ ስለሚያስቀምጡ ሻይሽን ራስሽ ታፈያለሽ።

ኤሌክትሪክን ካነሳን፣ ክፍል ውስጥ ሶኬት ጥቂት ነው፣ የአሜሪካና የአውሮፓ ዓይነት ጎን ለጎን ያለበት መርከብ ብዙ ነው። የእኛ ቻርጀር አውሮፓው ላይ ይገባል። ማከፋፈያ ግን ብዙዎቹ ይቀማሉ። ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ያዢ፤ ቦርሳሽንም ነጠላሽንም ትሰቅዪበታለሽ፣ ጠባቧ ክፍል ትሰፋልሻለች።

ሐላል ሥጋ ለማግኘት ከመሳፈርሽ ሳምንታት አስቀድመሽ ለድርጅቱ በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዢ። እንደ ድርጅቱ ይለያያል። ካልሆነ ዓሣና አትክልት በየዕለቱ አለ። ጾም ላይ የሆነች ጎረቤትሽም አብራ ብትሄድ «ቪጋን» ብላ ከጠየቀች የምትበላው አታጣም። ሶላቱን ክፍልሽ ውስጥ መስገድ ትችያለሽ፣ ውስጠኛውም ክፍል ቢሆን ምንጣፍ መዘርጊያ አያጣም። ቂብላው ነው የሚያስቸግረው፤ መርከቡ ይዞራል፣ የስልክ ኮምፓስ ደግሞ በብረቱ ምክንያት ይሳሳታል። ክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ መርከቡ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ በካርታ የሚያሳይ ቻናል አለ። ከእሱ ተነስተሽ ታሰያለሽ። እዚያው አካባቢ ከመርከቡ አፍንጫ ላይ የተተከለ ካሜራ የሚያሳይ ቻናልም ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ውስጠኛ ክፍል ያለ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ከፍቶት ያድራል፣ ሲነጋ ስክሪኑ ይነጋለታል። ዲዝኒ ይህን አሳምሮ እ.ኤ.አ. በ2011 «ድሪም» በተባለው መርከቡ ላይ መስኮት የሌላቸውን ክፍሎች ግድግዳ በክብ መስኮት መሰል ስክሪን ሠርቶታል፤ ከውጭ ያለው ባሕር በቀጥታ ይታይበታል።

ጥያቄ፦ «ዝቅ ያለ ፎቅ ይረጋል ትላለህ፤ መርከቡ ቢሰምጥስ መጀመሪያ የሚያልቀው እታች ያለው አይደል?» (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ታይታኒክን አስታወስከኝ። ያኔ እ.ኤ.አ. በ1912 ጀልባዎቹ የሚይዙት 1,178 ሰው ነበር፣ የተሳፈረው ደግሞ ከ2,200 በላይ። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ተለውጧል፤ ለተሳፋሪው ሁሉ የሚበቃ ጀልባና ተንሳፋፊ፣ ከዚያም ትርፍ መኖር አለበት። ጀልባዎቹ የተሰቀሉት ከመርከቡ ወገብ አካባቢ ስለሆነ ላይ ያለው ይወርዳል፣ ታች ያለው ይወጣል። ይልቅ የሚያስፈራኝ የአደጋ ጊዜ ልምምዱን የሚዘልል ሰው ነው። «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ጂልዮ ደሴት አጠገብ ተገልብጦ 32 ሰው ሲሞት፣ ገና ልምምድ ያልደረሳቸው ተሳፋሪዎች ነበሩ። አሁን ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ይደረጋል። ክፍልህ በር ጀርባ ላይ የመሰብሰቢያህ ቦታ ተጽፏል፤ ሻንጣህን ሳትፈታ በእግርህ አንዴ ሂድበት።

ጥያቄ፦ «ብቻዬን ነው የምሄደው። ዋጋው ‹በሰው› ይላል፤ ስጠይቃቸው ግን እጥፍ ነገሩኝ። ሊበሉኝ ነው?» (ከደሴ)

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ያ ዋጋ አንድ ክፍል ለሁለት ሲያዝ የእያንዳንዱ ድርሻ ነው። ብቻህን ስትይዝ የሌላውንም ትከፍላለህ፣ አንዳንዱ ጋ እጥፉን፣ አንዳንዱ ጋ ቀነስ ያለ። መውጫው ለአንድ ሰው የተሠራ ክፍል ነው፤ «ኖርዌጅያን ኤፒክ» የተባለው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ እንዲህ ያሉ፣ 9 ካሬ ሜትር ገደማ የሆኑ ክፍሎች ይዞ መጣ፣ የብቸኞቹ መገናኛ ሳሎንም አላቸው። ቶሎ ያልቃሉና ቀድመህ ያዝ።

ስታሰላ ቲፑን አትርሳ። የአሜሪካ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ሒሳብህ ላይ ይጨምራሉ፣ ለስዊት ከዚያ ይበልጣል። 18 ብትይዘው ለሰባት ሌሊት 126 ዶላር ነው። ለስላሳ፣ ዋይፋይና የደሴቶቹ ጉብኝትም ለየብቻ ይከፈላል።