ሁለቴ የተቆጠረው ኮሚቴ፦ የአንባቢያን የሒሳብ ጥያቄዎች

በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አቆጣጠርና ስለ ፕሮባቢሊቲ ናቸው። ቀመር የጠፋበት ጠያቂ የለም ማለት ይቻላል። የሚያስቸግረው ምን እየተቆጠረ እንደሆነ ሳይለዩ ወደ ቀመሩ መሮጥ ነው።

ጥያቄ፦ ከ5 ሴቶችና ከ4 ወንዶች 3 አባላት ያሉት ኮሚቴ ይመረጣል፤ ቢያንስ አንድ ሴት መኖር አለባት። አንዷን ሴት በ5 መንገድ መረጥኩ፤ ከቀሩት 8 ሰዎች ሁለቱን በ28 መንገድ። 5 × 28 = 140 አገኘሁ። የመልሱ ገጽ ግን 80 ይላል። የቱ ጋ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ መጀመሪያ ገደቡን ይርሱትና ከ9 ሰው 3 ይምረጡ፦ (9 × 8 × 7) ÷ (3 × 2 × 1) = 84። ገደብ ያለበት ምርጫ ከሌለበት ሊበልጥ አይችልም፤ 140 ሲመጣ ወዲያው መጠርጠር ነበረብዎት።

ሴቶቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እንበላቸው። ኮሚቴው ሀ፣ ለ እና አንድ ወንድ ቢሆን፣ በእርስዎ አሠራር አንዴ «ሀ መጀመሪያ፣ ለ ከቀሩት ጋር»፣ ሌላ ጊዜ «ለ መጀመሪያ፣ ሀ ከቀሩት ጋር» ተብሎ ይመዘገባል። ኮሚቴው ግን ያው አንድ ነው። ሦስቱም ሴቶች ከሆኑ ደግሞ ሦስቴ ይቆጠራል። እናመሳክረው፦ አንድ ሴት ያለባቸው 5 × 6 = 30 (ከ4 ወንዶች ሁለቱ በ6 መንገድ ይመረጣሉ)፣ ሁለት ያለባቸው 10 × 4 = 40 (ከ5 ሴቶች ሁለቱ በ10 መንገድ)፣ ሦስት ያለባቸው 10፤ ድምሩ 80። አሁን 30 × 1 + 40 × 2 + 10 × 3 ቢያሰሉ 140 ይመጣል፤ ትርፉ ከየት እንደገባ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አጭሩ መንገድ የማይፈለገውን መቀነስ ነው። ሴት የሌለበት ኮሚቴ 4 ብቻ ነው፤ 84 − 4 = 80። «ቢያንስ አንድ» የሚል ባዩ ቁጥር «አንድም የሌለበትስ ስንት ነው?» ብለው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ አራት አራት ምርጫ ያላቸውን 3 ጥያቄዎች በግምት ብሠራ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድሌ 1/4 + 1/4 + 1/4 = 3/4 አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። በዚህ አካሄድ 4 ጥያቄ የገመተ ሰው አንዱን ያለጥርጥር ያገኛል፣ 5 የገመተ ደግሞ ዕድሉ ከ1 ይበልጣል! እዚህም «አንድም አላገኘሁም» ከሚለው ይነሱ፦ 3/4 × 3/4 × 3/4 = 27/64። ከ1 ሲቀነስ 37/64፣ 58 በመቶ ገደማ። በ10 ጥያቄ 94 በመቶ ይደርሳል፤ ግን አይጽናኑበት፤ ከ10 በግምት የሚገኘው በአማካይ 2.5 ነው።

ጥያቄ፦ ሳንቲም ሁለቴ ሲወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመውጣት ዕድል 2/3 ነው እላለሁ። የመጀመሪያው ዘውድ ከሆነ አበቃ፤ አለዚያ ጎፈር-ዘውድ ወይም ጎፈር-ጎፈር ነው። ሦስት ውጤት፣ ሁለቱ የሚፈለጉ።

መልስ፦ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምቤርም እ.ኤ.አ. በ1754 ይህንኑ ጽፎ ነበር። ሦስቱ ውጤቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ የመጀመሪያው 1/2፣ የቀሩት 1/4፣ 1/4 ናቸው። 1/2 + 1/4 = 3/4።

ጥያቄ፦ የ«ለመለመ»ን ፊደላት በስንት የተለያየ መንገድ መደርደር ይቻላል? 4 × 3 × 2 × 1 = 24 ነው?

መልስ፦ 6 ነው። ሁለቱን «ለ» ብናቀያይር የሚለወጥ ነገር የለም፤ ሁለቱን «መ»ም እንዲሁ። ስለዚህ 24 ÷ (2 × 2) = 6፦ ለለመመ፣ ለመለመ፣ ለመመለ፣ መለለመ፣ መለመለ፣ መመለለ።

ጥያቄ፦ እቁባችን 12 ሰው ነው። ከተጠቀለሉ 12 ወረቀቶች አንዱ ላይ ብቻ ምልክት አለ። ቀድሞ የሚያነሳ ይጠቀማል?

መልስ፦ አይጠቀምም። የመጀመሪያው ዕድል 1/12 ነው። ሁለተኛው እንዲያገኝ የመጀመሪያው ባዶ ማንሳት አለበት (11/12)፣ ከዚያም ከቀሩት 11 ምልክቱ ለእሱ መውጣት አለበት (1/11)፤ 11/12 × 1/11 = 1/12። ሦስተኛውም 11/12 × 10/11 × 1/10፣ ያው 1/12። እስከ መጨረሻው ሰው ከላይና ከታች ያሉት ቁጥሮች እንዲሁ ይጣፋሉ። ክርክር የሚነሳው የመጀመሪያው ወረቀቱን ወዲያው ሲከፍተው ነው፤ ባዶ ከሆነ የቀሩት ዕድል ወደ 1/11 ከፍ ይላል፣ ምልክቱ ከተገኘ ዜሮ ይሆናል። ሳይከፈት በፊት ግን ሁሉም እኩል ነበሩ።

የደረሰው ሰው ከቀጣዩ ዕጣ ስለሚወጣ፣ «በስንተኛው ዙር ይደርሰኛል?» ለሚለውም ስሌቱ አይለወጥም፤ ለእያንዳንዱ ዙር 1/12። ዋጋ ሳይንር ቀድሞ መቀበል ይሻላል ከተባለ እውነት ነው፤ ያ ግን የገበያ ጉዳይ እንጂ የዕጣ አይደለም። ዕጣውን በእርግጥ የሚያዛባው ምልክት ያለበት ወረቀት ወፈር ሲል፣ በተለየ ሁኔታ ሲጠቀለል ወይም መጨረሻ ተጨምሮ ሳይደባለቅ ከላይ ሲቀር ነው። ወረቀቶቹን ከአንድ ሉህ እኩል ይቁረጡ፣ አንድ ሰው ሁሉንም ይጠቅልላቸው፣ ምልክቱን የጻፈው ደግሞ መጨረሻ ያንሳ።