ቺፑን ከማጥፋታችሁ በፊት አንብቡት

በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናም ሆነ በሸዋ ሮቢት የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ለጀመራችሁ ወጣቶች፦

ላፕቶፕ መብራቱ እየበራ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሲመጣላችሁ፣ ብዙዎቻችሁ የባዮስ ቺፑን (ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም የተቀመጠበትን) ይዘት በፕሮግራመር፣ ማለትም በቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ አጥፍታችሁ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ፋይል ትጭኑበታላችሁ። ማሽኑ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን በዚያች ስምንት እግር ባላት ቺፕ ውስጥ ከባዮሱ ጋር የማሽኑ መለያ ቁጥር፣ ብዙ ጊዜም የዊንዶውሱ የፈቃድ ቁልፍና የኔትወርክ ካርዱ ማክ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) ስለሚቀመጡ፣ ባለቤቱ የሌላ ማሽን ማንነት የተጫነበት ላፕቶፕ ተረክቦ ይሄዳል። ስለዚህ የተበላሸም ቢሆን የነበረውን ሳታነቡና ሳታስቀምጡ አታጥፉ፤ ከተበላሸው ፋይል ውስጥ እነዚህን ክፍሎች አውጥቶ ወደ ጤነኛው ማዛወር ብዙ ጊዜ ይቻላልና።

ንባቡም የራሱ ጥንቃቄ አለው። መጀመሪያ በቺፑ ጀርባ የተጻፈውን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። የዊንቦንድ 25ኪው64ኤፍቪ በ3.3 ቮልት ሲሠራ 25ኪው64ኤፍደብሊው ግን በ1.8 ቮልት ስለሚሠራ፣ የመጨረሻዋን ፊደል መዝለል ቺፑን ሊያቃጥል ይችላል። በየገበያው የሚሸጠው ጥቁሩ ሲኤች341ኤ የተባለው ፕሮግራመር ደግሞ ለቺፑ 3.3 ቮልት እየመገበ በዳታ መስመሮቹ 5 ቮልት የሚያወጣ ዓይነት ስላለው (ርካሽነቱ ለጀማሪ በጀ እንጂ እኔስ አላምነውም) ቮልቱን በመልቲሜትር ሳትለኩ ምንም ነገር አታገናኙበት። ቺፑን ቦርዱ ላይ እንዳለ የሚነክሰውን የክሊፑን ቀይ ሽቦ ነጥብ ካለባት ከአንደኛዋ እግር ጋር አግጥሙ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ አንብቡና ፋይሎቹን አነጻጽሩ። በቺፑ ስም ውስጥ 64 የሚለው ሜጋቢት ስለሆነ (8 ቢት አንድ ባይት ነውና) ፋይሉ ልክ 8 ሜጋባይት መሆን አለበት። ከዳር እስከ ዳር ኤፍኤፍ (የባዶ ቦታ ምልክት) ብቻ ካሳያችሁ፣ ቺፑ ባዶ ነው ከማለታችሁ በፊት ክሊፑ በደንብ መንከሱን እዩ። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ የቦርዱ ሌሎች ክፍሎች መስመሩን እየረበሹ ሊሆን ስለሚችል፣ ቺፑን ነቅላችሁ ለብቻው አንብቡት። መብራት በሚቆራረጥበት ቀን ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ ሥሩ።

የስልኩ ኢኤምኤምሲ (መረጃው የሚቀመጥበት ቺፕ) ከዚህ ይለያል። የራሱ ተቆጣጣሪ ስላለው፣ ከ5.0 ስሪት ጀምሮ ዕድሜው ምን ያህል እንዳለቀ በግምት ይናገራል፤ ቦክሱ (የስልክ ቺፕ ማንበቢያ መሣሪያው) ይህን ሲያነብላችሁ አትለፉት። ዕድሜውን ጨርሶ መጻፍ የተከለከለ ቺፕ በሶፍትዌር አይድንም፣ መቀየር ብቻ ነው። አርፒኤምቢ በሚባለው የተጠበቀ የቺፑ ክፍል የሚጻፈው ቁልፍም አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ከሌላ ስልክ የተነቀለ ቺፕ ከፕሮሰሰሩ ጋር ላይስማማ ይችላል። በአዳዲስ ስልኮች ላይ ደግሞ ቺፑን ነቅሎ ማንበብ ፎቶ አያስገኝም፤ መረጃው የተመሰጠረበት ቁልፍ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ከመንዝ ድረስ የልጆቹን ፎቶ ፍለጋ ለመጣ ሰው ይህን ስልኩ ሳይፈታ ንገሩት፤ ቦርዱን አስነሥቶ ፎቶውን ማውጣት ይሻለው እንደሆነ፣ ወይስ ፎቶው ቀርቶበት ስልኩ ብቻ ይሠራለት እንደሆነ እሱው ይምረጥ።