«ለበጎ ነው» ማን ይበል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በትዕቢትና በማይታየን የእግዚአብሔር ሐሳብ ላይ ነው። ለየብቻ ልመልሳቸው አስቤ ነበር። ሳነባቸው ግን አንዱ ሌላው ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ፤ አንድ ላይ አቀረብኳቸው።

«ሹመት ካገኘሁ ወዲህ ጓደኞቼ "ተለወጥክ" ይሉኛል። ለእኔ ግን አልታወቀኝም። መታበዬን በምን ልወቅ?»

ትዕቢት ለባለቤቱ ቶሎ አይታወቅም። የይሁዳውን ንጉሥ ዖዝያንን ተመልከት። በ16 ዓመቱ ነግሦ 52 ዓመት ገዛ። ግንብ ሠራ፣ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ እርሻም ይወድ ነበር። ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 26 እንደሚነግረን፣ ልቡ የታበየው ከበረታ በኋላ ነው። ዕጣን ማጠን የካህናት ሥራ ሆኖ ሳለ እሱ ላጥን ብሎ ቤተ መቅደስ ገባ። ሊቀ ካህናቱ ዓዛርያስና 80 ካህናት ተከትለውት ገብተው «ይህ ያንተ ሥራ አይደለም» አሉት። የዕጣን ማጠኛውን እንደያዘ ሲቆጣቸው፣ ያኔ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት።

አንተም ራስህን እዚያው ላይ ፈትን። ሰው ሲያርምህ ቀድሞ የሚመጣልህ «ልክ ይሆን እንዴ?» ነው ወይስ «ይሄ ደግሞ ማን ሆኖ ነው?» ሁለተኛው ከሆነ ጓደኞችህን ስማቸው። በእርግጥ ቀንተውብህም ሊሆን ይችላል። እሱንም ቢሆን የምታውቀው ከሰማሃቸው በኋላ ነው።

«ከተጋባን ቆየን፤ ልጅ ግን አልመጣም። ዘመድ ሁሉ "ለበጎ ነው" ይለኛል። ይህን ስሰማ ጆሮዬን መድፈን ያምረኛል። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?»

አልጎደለም እህቴ። ዮሴፍ ጉድጓድ ውስጥ እያለ «ለበጎ ነው» ያለው ሰው የለም። ታሪኩ የሚጀምረው የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወንድሞቹ ሸጡት። ባልሠራው ጥፋት ታሰረ። ዮሴፍ እስር ቤት ሕልሙን የፈታለት የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ ከእስር ወጥቶ ረሳው፤ ዮሴፍ ሌላ ሁለት ዓመት እዚያው ቆየ። ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። ለወንድሞቹ «እግዚአብሔር ከእናንተ በፊት ላከኝ» ያላቸው ደግሞ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታትና ሁለት የረሃብ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ወደ 39 ዓመቱ ገደማ ነው። ያንንም ያለው ግብፆች እስኪሰሙት ድረስ ጮኾ እያለቀሰ ነው።

ልብ በይ፤ ቃሉን የተናገረው የተጎዳው ሰው ራሱ ነው። የተናገረውም ነገሩ ከተገለጠለት በኋላ ነው። አንቺም አንድ ቀን ብትይው ያንቺ ነው። ዛሬ ሌላው ባንቺ ላይ ሲለው ግን፣ እግዚአብሔር ያልነገረውን እንደሚያውቅ ሆኖ መናገሩ ነው። ብዙዎቹ በክፋት አይሉትም፤ ዝም ማለት ስለሚከብዳቸው ነው። እኔ ግን እዚህ ውስጥ የተደበቀ ትዕቢት ይታየኛል። የማይታየውን ማመን እንዳየነው ሆኖ ማውራት አይደለም።

በሚቀጥለው ጊዜ ቢሉሽ «እኔ ገና አልታየኝም፤ ጸልዩልኝ» በያቸው። ነውር የለበትም።

«እግዚአብሔርን "ለምን?" ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም ወይ?»

ነቢዩ ዕንባቆም መጽሐፉን የሚጀምረው «እስከ መቼ?» ብሎ ነው። ኢዮብማ ከዚያም በላይ ተናግሯል። ወዳጆቹ 7 ቀንና 7 ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ምነው በዚያው በቀሩ! አፋቸውን ሲከፍቱ የመከራውን ምክንያት እናውቃለን አሉ። በመጨረሻ እግዚአብሔር ኢዮብን ስለማያውቀው ነገር መናገሩን ገሥጾታል፤ ኢዮብም ተመልሷል። የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው ግን በወዳጆቹ ላይ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገሩምና። ይጠይቁ እንጂ፣ አባቴ።

«አንድ ሰው "እንደማገባሽ እግዚአብሔር አሳይቶኛል" ይለኛል። እምቢ ብል ፈቃዱን መቃወም ይሆንብኛል?»

አይሆንብሽም። ላንቺም ያሳይሽ ነበር። እሱ የራሱን ፍላጎት በእግዚአብሔር ስም እያስፈረመ ነው። ካልፈለግሽው በግልጽ እምቢ በይው።

«ዕቅድ ማውጣት በእግዚአብሔር አለመታመን ነው?»

አይደለም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ «ዛሬ ወይም ነገ ወደዚያ ከተማ ሄደን እንነግዳለን፣ እናተርፋለን» የሚሉትን ሲገሥጽ፣ ንግዱን ተዉ አላላቸውም። «ጌታ ቢፈቅድ» በሉ ነው ያላቸው። አቅድ፤ ዕቅዱ ሲፈርስ ግን ሰማይ የተደፋ አይምሰልህ።

«ሥራ ካጣሁ ቆየሁ። ታናሽ ወንድሜ "የማውቀው ቦታ ላስገባህ" ይለኛል። እኔ ግን እግዚአብሔር ራሱ በር እንዲከፍትልኝ እየጠበቅኩ ነው። ልክ ነኝ?»

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ታላቅ ወንድምህ ቢሆን ኖሮ እምቢ ትለው ነበር?

የሶርያው ጦር አለቃ ንዕማን ለምጹን ሊፈወስ ሲሄድ፣ ነቢዩ ኤልሳዕ ወጥቶ እጁን እንዲያነሣለት ጠብቆ ነበር። ኤልሳዕ ግን አልወጣም። መልእክተኛ ልኮ «ዮርዳኖስ ወርደህ ሰባት ጊዜ ታጠብ» አለው። ንዕማን ተቆጥቶ ሊመለስ ነበር፤ ያግባቡት አገልጋዮቹ ናቸው። መጀመሪያውኑ ስለ ነቢዩ የጠቆመችውም ተማርካ የመጣች ትንሽ ልጅ ናት። የዳነው ከእሱ በታች ያሉትን ስለሰማ ነው።

ወንድምህ ልክፈትልህ የሚልህ በር ከእግዚአብሔር ላለመሆኑ በምን እርግጠኛ ሆንክ? ሥራው ንጹሕ ከሆነ፣ የሌላውንም ዕድል የማትነጥቅ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ደውልለት።